ከወለሉ የሚወጣ ሙቀት

ርብቃ እጇን በሰሌኑ ጠርዝ አሾልካ የእናቷን እግር ስትነካ ሞቆ አገኘችው።

ደንግጣ እጇን ሳበች። ከዚያ እንደገና አስገባች። ከመግነዙ ጨርቅ በታች ተረከዙም፣ ውስጥ እግሩም፣ በክር የታሰሩት ሁለት አውራ ጣቶችም ሞቀዋል። ለብ ማለት ብቻ አይደለም። አሁን ከብርድ ልብስ ውስጥ የወጣ ሰው እግር ነው።

"ጀማል፣ አቁም።"

ሚኒባሱ ገሳይን አልፎ የጉናን ዳገት ተያይዞታል። ጉሙ መስኮቱ ላይ ስለተለጠፈ ከመንገዱ ዳር ያለው የገብስ ማሳ እንኳ አይታይም። የኋላ ወንበሮቹ ተነቅለው እናቷ ላቀች ወለሉ ላይ ተጋድማለች፤ እግሯ ወደ ፊት፣ ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ነው። ያረፈችው ሊነጋጋ ሲል፣ ርብቃ ደብረ ታቦር በተከራየችው ቤት ውስጥ ነበር። "ውኃ" አለቻት፤ ርብቃ ልትቀዳ ወጣች። ስትመለስ ጎረቤቶቿ ዓይኗን ከድነው ጨርሰዋል።

"ምን ሆንሽ አንቺ ልጅ?" አሉ መሪጌታ ቀለመወርቅ ከፊት ወንበር ሳይዞሩ። የእናቷ ታላቅ ወንድም ናቸው። "አገር መቃብር ምሶ ይጠብቀናል እኮ።"

"አጎቴ፣ እግሯ ይሞቃል።"

ጀማል መኪናውን ዳር አስያዘ። ከፊት ወንበሮቹ ሥር ሞተሩ ብቻ ያጉረመርማል።

"ከሞተሩ ነው፣" አለ ጀማል ቀስ ብሎ። "ቱርቦዋ እዚያው ከእግራቸው አጠገብ ነች። ሙቀቷን የሚመልስ ቆርቆሮ ነበራት፤ ኮረኮንች ላይ እየተንኳኳ ሲያሰለቸኝ ፈትቼ ጣልሁት። ዛሬ ደግሞ ለጉና ብርድ ብዬ ራዲያተሩ ፊት ካርቶን ሸጎጥሁ። ሙቀቱ መሄጃ አጣ።"

"ሰማሽ? በል ንዳ፣" አሉ መሪጌታ።

"አጥፋው፣" አለች ርብቃ። ድምጿ ለራሷም እንግዳ ሆነባት፤ በአጎቷ ቃል ላይ ቃል ጨምራ አታውቅም። "ሞተሩ ይቀዝቅዝ። ሙቀቱ የሞተሩ ከሆነ እሷም አብራ ትቀዘቅዛለች።"

"ካልቀዘቀዘችስ?"

መሪጌታ ይህን ያሉት ሊገሥጿት ነበር። ከአፋቸው ሲወጣ ግን ጥያቄ ሆነ። ዞረው ሰሌኑን አዩት።

ጀማል ቁልፉን ያዘ፤ አልጠመዘዘውም። "የኔታ፣ ዳገት ላይ እንዲህ ግላ ወዲያው አትጠፋም። ቱርቦዋ ውስጥ ያለው ዘይት ያርራል። በቅሎ እንኳ ከሩጫ እንደገባች ውኃ አይሰጣትም። ትንሽ በቀስታ ትሥራና ትረፍ።"

"መኪናህን እንዲህ ታስታምማለህ፣ የሰው ሬሳ ግን ትጠብሳለህ!"

"አፉ ይበሉኝ፣ የኔታ።" አንገቱን ደፍቶ ወረደና ካርቶኑን መንጭቆ አወጣው። ጉሙ ውስጥ የካርቶኑ መቀደድ ብቻ ተሰማ፤ እሱ አይታይም።

ርብቃ እጇን አላነሣችም። የሞተሩ ንዝረት በወለሉ አልፎ በእናቷ እግር ውስጥ ይመጣል። ጣቷን ቁርጭምጭሚቷ ላይ አሳረፈች። አንድ ነገር ይመታል። ምቱ የእናቷ ይሁን፣ የሞተሩ ይሁን፣ የራሷ ልብ ይሁን መለየት አቃታት። መሪጌታ ዳዊት በቃላቸው ጀምረዋል፤ ድምፃቸው ከሞተሩ ጋር አብሮ ይሄዳል።

ጀማል ተመልሶ ገባና ቁልፉን ጠመዘዘ።

ምቱ ቆመ።

ጸጥታው ከጉሙ ጋር የገባ መሰለ። ከዚያ ከሰሌኑ ሥር ቀጭ አለ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ቀጭ፣ ቀጭ፤ አንድ ሰው ጥፍሩን ወለሉ ላይ የሚያሳርፍ ይመስላል። መሪጌታ ዳዊታቸውን አቋረጡ።

"ምንድን ነው?"

"ብረቱ ነው፣ የኔታ። ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል።"

"አውቃለሁ፣" አሉ። ነገር ግን ከየት እንዳቋረጡ ጠፋቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲደግሙት የኖሩትን መዝሙር ሁለት ጊዜ ጀምረው ሁለት ጊዜ ተዉት።

ብርዱ በበሩ ስንጥቅ ገባ። መጀመሪያ ወለሉ ቀዘቀዘ፤ ርብቃ በጉልበቷ አወቀችው። የቀጭ ቀጭ ድምፁ እየራቀ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። እግሩ ግን አሁንም ሙቀቱን እንደያዘ ነው። ጀማል በመስተዋቱ ያያታል፤ አጎቷ መስቀላቸውን ጨብጠው ከአፏ ቃል ይጠብቃሉ።

ከዚያ ጣቶቹ ጋ ጀመረ። ቅዝቃዜው ከጣቶቹ ወደ ውስጥ እግር፣ ከውስጥ እግር ወደ ተረከዝ፣ ሳይቸኩል በእጇ መዳፍ ሥር አለፈ። ርብቃ ተከተለችው። ሊነጋጋ ሲል ውኃ ልትቀዳ ወጥታ ያመለጣት ነገር ይህ እንደሆነ ገባት። አሁን ግን እዚህ ነበረች። ሙቀቱ ተረከዙ ላይ ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ እሱም ሄደ።

"እህ?" አሉ መሪጌታ።

"ቀዘቀዘች።"

ጀማል በረጅሙ ተነፈሰና ከወንበሩ ሥር አሮጌ ብርድ ልብስ ጎተተ። "ከሥር ላንጥፍላቸው። እንዳይሞቃቸው።"

መሪጌታ በሩን ከፍተው ወረዱ፤ ነጭ ጋቢያቸው ወዲያው ጉሙ ውስጥ ጠፋ። ጥቂት ቆይቶ የጎኑ በር ተንሸራተተ። ጋቢያቸውን ሰብስበው ገቡና ከሰሌኑ ወዲያ ማዶ ከርብቃ ፊት ለፊት ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

"ብርድ ልብሱን ተወው ልጄ፣" አሉት ጀማልን። "ዝም ብለህ ንዳ።"

እጃቸውን በሰሌኑ ጠርዝ አሾልከው ሌላኛውን እግር ያዙ።

ጀማል ሞተሩን አስነሣ። መኪናው ጉሙን እየገፋ ዳገቱን ቀጠለ። ርብቃና አጎቷ ቀና ብለው አልተያዩም። መጀመሪያ ንዝረቱ መጣ፤ ቀጥሎ ሙቀቱ።