የሚፈርሰው ጋራዥ

አቶ ይገረሙ ቤቱን በገዙ ማግስት ያሰቡት የመጀመሪያ ሥራ በግቢው ጥግ ያለውን ጋራዥ ማስፈረስ ነበር። ደላላው "አፍራሽ እልክልዎታለሁ" ብሏቸው ስለነበር፣ ጠዋት ሲመጡ ጋራዡ አጠገብ ቆሞ ያገኙትን ሰውዬ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርሱ "ይሄን ለማፍረስ ስንት ትለኛለህ?" አሉት።

ሰውዬው ጋራዡን ቀና ብሎ አየው። "ሰማንያ ሺህ ብር።"

"ቆርቆሮውና በሩ ላንተ ይሁን፤ ቀንስ።"

"እንደሱ ከሆነማ መቶ ሺህ።"

አቶ ይገረሙ ጆሯቸውን ተጠራጠሩ። "ሰው ሲከራከሩት ይቀንሳል እንጂ ይጨምራል እንዴ?"

"ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ቤት ማፍረስ እኮ ልብ ይጠይቃል። ክረምቱን ሙሉ አንዲት ጠብታ አያስገባም። ሌሊት ብርድ የሚባል ነገር የለበትም።"

"ድንጋዩንም ጨምረህ ውሰድ!"

"መቶ ሃያ።"

"በቃ ተወው!" ጮኹ አቶ ይገረሙ። "እዚያው ይቁም! እኔ ከእንግዲህ አልነካውም!"

"ቃልዎ ነው፣ ጋሼ?"

"ቃሌ ነው!"

ሰውዬው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። ከዚያም ከጋራዡ ጎን በተወጠረ ገመድ ላይ የተሰጣ ሱሪውን አውርዶ ትከሻው ላይ ጣል አደረገና፣ ከኪሱ ቁልፍ አውጥቶ ጋራዡን ከፍቶ ገባ።