ንጹሕ ቅጂ

ዲስክ ሞቶ ከተቀበረ በኋላም የባለዲስኩ መጠሪያ አልተቀየረም። ሱቁ ውስጥ የሚሸጥ ዲስክ ከጠፋ ቆይቷል። ሰዎች ቤታቸውን ሲያጸዱ ያገኙትን አሮጌ የሰርግና የልደት ዲስክ ያመጡለታል፤ እሱ ወደ ፋይል ይገለብጣል፣ ይጨምቃል፣ በፍላሽ ያስረክባል። ካሴታቸውን ወደ ዲስክ የገለበጠላቸውም እሱ ነበር። ያኔ "ይሄ እንግዲህ ዕድሜ ልክ ነው" ይላቸው ነበር። አሁን እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ አይወጣም።

ደክሞታል። በተለይ ጆሮው ደክሟል። ያን ሁሉ ዓመት የሰው ሰርግ ዘፈን ሲሰማ ከኖረ በኋላ፣ ዛሬ ዛሬ የሚሠራው ድምፅ ማጉያውን ዘግቶ ነው። ሙሽሮች ያለ ድምፅ ሲጨፍሩ እያየ "ሰላም ነው" ይላል።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴትዮ መጣች። ከቦርሳዋ ያወጣችው ዲስክ ጠርዙ ተሰንጥቋል፣ ቅቡም መላጥ ጀምሯል።

"እናቴ ያለችበት ነው" አለች። "ከሞተች ወዲህ አባዬ ጠዋት ይከፍተዋል፣ ሲመሽ ይዘጋዋል። አሁን መቆራረጥ አመጣ። እሱ በቆመ ቁጥር አባዬም እህል አይቀምስም።"

"ሌላ ቅጂ የለም?"

"የለም። እባክህ ወንድሜ፣ ይሄ ከጠፋ አባዬም የሚከርም አይመስለኝም።"

"ቴሌቪዥናችሁስ?"

"አሮጌ ነው። ትልቅ ፋይል አይቀበልም።"

ባለዲስኩ በረጅሙ ተነፈሰ። ትልቁን ማሳነስ እንጀራው ነው።

ሴትዮዋ ልትወጣ ስትል ከበሩ ተመለሰች። "ሲጀምር አካባቢ እናቴ ዕቃ የምታጥብበት ቦታ አለ። አባዬ እዚያ ሲደርስ ይመልሰዋል። ደግሞ ይመልሰዋል። እሱን ቦታ አደራ!"

"ምን አለበት?"

"እኔ እንጃ። ብጠይቀው 'ተይኝ' አለኝ። አብሬው እንዳልቀመጥ ደግሞ ሆዴ አይችልም።"

ዲስኩ ማንበቢያው ውስጥ እየተንቀጠቀጠ ተነበበ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ቋ አለና ለሁለት ተሰበረ። ደግነቱ ሁሉም ወጥቷል። ባለዲስኩ ስብርባሪውን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከቶ ፊልሙን ከፈተ።

የአንድ ቤተሰብ ተራ ቀን ነው። ባልየው ከወንበሩ ንቅንቅ አይልም። ሚስቲቱ ምግቡን ታቀርብለታለች፣ ማንኪያውን ሳይቀር እጁ ላይ ታስይዘዋለች። "ወይ መሞላቀቅ!" አለ ባለዲስኩ። እሱን ማንም እንዲህ አድርጎለት አያውቅም።

ያንን ቦታ አገኘው። ወጥ ቤት ነው። ካሜራው መስኮት ላይ ተረስቶ ይመስላል፣ አይንቀሳቀስም። ሚስቲቱ ጀርባዋን ሰጥታ ሳህን ታጥባለች። በሩ ጥግ ላይ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ወጣት ቆሟል። ባልየው አይደለም። ወጣቱ ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር አላት፤ የሚስቲቱ ትከሻ በሳቅ ተንቀጠቀጠ።

ባለዲስኩ መልሶ አየው። ደግሞ አየው። ነገሩ ገባው። የእሱም ሚስት ትከሻዋ እንዲህ እስኪንቀጠቀጥ ትስቅ ነበር፤ ከእሱ ጋር ግን አልነበረም።

"ምስኪን ሽማግሌ" አለ ለብቻው። "ሬሳ ላይ ይቀናል።"

መጭመቅ ማለት ምን ይቆይ፣ ምን ይጣል ብሎ መወሰን ነው። አብዛኛውን ማሽኑ ይወስናል፤ ዛሬ ግን ባለዲስኩ ራሱ ወሰነ። በሩ ጥግ ላይ ጥራቱን አወረደው። ነጩ ሸሚዝ ከግድግዳው ጋር ተደባለቀ፣ የወጣቱ ፊት ሟሟ። የተረፈውን ቦታ ሁሉ ለሚስቲቱ ሰጣት። አሁንም ፋይሉ አላንስ አለ። ድምፁን ለአፍታ ከፈት ቢያደርገው ሽሽ የሚል ድምፅና የሳህን ኳኳታ ጆሮውን በጠበጠው። ቶሎ ዘጋው፤ ከዚያም ድምፁን እንዳለ አውጥቶ ጣለው።

ምስሉ ጠራ። የሚስቲቱ የፀጉር ዘለላ ሳይቀር ይቆጠራል። ጥሬውን ፋይል እንደ ልማዱ አጠፋው፤ ኮምፒውተሩ ሁልጊዜ እስከ አፍንጫው ሙሉ ነው።

ከስንት ጊዜ በኋላ በሥራው ደስ አለው። ስለዚህ ፍላሹን ራሱ ሊያደርስ ሄደ።

ሴትዮዋ በር ከፈተችለት። ሳሎኑ በጠራራ ፀሐይ ጨለማ ነው፣ መጋረጃው አልተገለጠም። "ይቅርታ" ብላ መብራት አበራች። ሽማግሌው ጎናቸውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥተው ተቀምጠዋል። የኩርፊያ አቀማመጥ ነው፣ ሲል አሰበ ባለዲስኩ። ጉልበታቸው ላይ ያለው ሪሞት አንዱ ቁልፉ ላይ የክር ቁራጭ ተለጥፎበታል። መመለሻው ቁልፍ ነው። ሰው ቅናቱን በክር ምልክት ያደርጋል?

"መጣህልኝ ልጄ?" አሉ ሽማግሌው። "ደህና ናት?"

"ደህና ናት አባባ። እንደ አዲስ ነው የሆነችው።"

"ምንም አልጎደለባትም?"

"የማያስፈልገውን ብቻ ነው ያነሳሁት።"

"ዕድሜ ይስጥህ። እኔ እኮ ያለሷ…"

ሴትዮዋ ፍላሹን ሰካች። ምስሉ ቦግ ብሎ ሲመጣ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ እንባዋ በጣቶቿ መካከል ወረደ። እናቷን በዚህ ጥራት አይታት አታውቅም። ባለዲስኩ ግን ዓይኑን ከሽማግሌው አላነሳም።

ሽማግሌው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ተቀምጠዋል። ሚስቲቱ ማንኪያውን አስያዘች። ወጥ ቤት ገባች፣ ሳህን አነሳች። በሩ ጥግ ግድግዳ ብቻ ነው። ትከሻዋ በሳቅ ተንቀጠቀጠ፤ አለፈ። የሽማግሌው ጣት ክሩ ላይ እንዳረፈ ቀረ፣ አልተጫነም።

ተገላገሉ፣ አለ ባለዲስኩ በልቡ። ድካሙ ሁሉ ከላዩ ላይ ወረደለት።

"ልጆች" አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው፣ "እስካሁን አልከፈታችሁትም እንዴ?"