ዋናውን ከእጅሽ እንዳታወጪ

«ውረጂና ሊብሬውን አምጪ» አላት መንገድ ላይ ያስቆማት ሰው።

አልወረደችም። አንድ እግሯን መሬት ላይ ተክላ ሞተሩን አጠፋች፤ ቁልፉንም ነቅላ ጨበጠችው። ከዚያ በኋላ ነው ሰውየውን ከጫማው እስከ ቆቡ የለካችው። አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሷል። እንዲህ ያለውን ሰደርያ መንገድ የሚጠርጉትም ጉድጓድ የሚቆፍሩትም ይለብሱታል። ከሥሩ ያለው ሸሚዝ የፖሊስ ይመስላል፤ መምሰል ደግሞ ቀላል ነው። ከሁሉም የከነከናት ግን አፉ ነው። ድንበሩን ከተሻገረች ጀምሮ ሰው ሁሉ በምልክት ሲያነጋግራት ውሎ፣ እሱ ቋንቋዋን እንደ እናቷ ልጅ ያቀላጥፈዋል። በሰው አገር ቶሎ የሚቀርብን ሰው ቀልቧ አይወድም።

ሞተሩ የታላቅ ወንድሟ ነው። ወንድሟ እግሩ ተሰብሮ በጀሶ ታስሮ ስለተኛ፣ ለጋራዡ መለዋወጫ ልታመጣ በሱ ፈንታ የተሻገረችው እሷ ናት። ሲሸኛት እንደ ሕፃን መክሯታል። ከጠየቁሽ ኮፒውን ስጫቸው፣ ዋናውን ግን ከእጅሽ እንዳታወጪ፤ ሊብሬው ከሄደ ሞተሩ ሄደ፣ ሞተሩ ከሄደ እንጀራዬ ሄደ ብሏታል።

ፖሊሱ፣ ፖሊስ ከሆነ፣ ሞተሩን ዞሮ ዞሮ አየና ቦሎው የት እንዳለ ጠየቃት። ከጃኬቷ ውስጥ፣ ከደረቷ ሥር፣ በላስቲክ የተጠቀለለውን አውጥታ አሳየችው።

«ቦሎ የሚለጠፈው እንዲታይ ነው።»

«ሌባም ዓይን አለው» አለችው። «መኪና ላይ ከመስታወቱ በስተውስጥ ይለጠፋል፣ በር ይቆለፍበታል። የሞተሩን የት ላድርገው? ግንባሬ ላይ?»

አልሳቀም። ቦሎ የምትደብቅ ሴት የሰረቀችውን ሞተር የምትነዳ ናት ብሎ መደምደሙን ፊቱ ይናገራል። እሷም በዓይኗ ጠርዝ ዛፍ ሥር የቆመውን የሱን ሞተር ስታየው ባዶውን ነው፤ ቦሎ የለው፣ ምን የለው። ይህንኑ ስትነግረው የመንግሥት ነው አላት። የመንግሥት መሆኑን በምን ልወቅ ብትለው ሊብሬውን ብሎ እጁን ዘረጋ።

ኮፒውን ሰጠችው። ኮፒ ማንም ያወጣል ብሎ መለሰላት። ሌላ መላ ስታጣ ሊብሬውን አወጣችና ጫፉን ጥብቅ አድርጋ ይዛ ዘረጋችለት። እሱ ሌላውን ጫፍ ያዘ። ሳበ። አለቀቀችም።

«ልቀቂው እንጂ።»

«ያንብቡት፣ እኔ ልያዝልዎ።»

«አንቱ» ያለችው አክብራው አይደለም፤ በመሃላቸው አጥር እንዲኖር ነው። እሱም ገብቶታል።

«የሻንሲ ቁጥሩን ላመሳክር ነው። ከነእጅሽ ይዤሽ ጎንበስ ልበል?»

የሊብሬው ሽፋን ከመሃሉ ሲጨማደድ አየች። ከተቀደደም ያው ነው።

«እንግዲያው መታወቂያዎን ይስጡኝ። የኔን ሲመልሱልኝ እመልሳለሁ።»

አፍጥጦ አያት። ይህን ሥራ ሲሠራ መታወቂያ አምጣ ያለው ሰው ያለ አይመስልም፤ ወይም ደግሞ መታወቂያ የለውም፣ አለች በልቧ። እሱ ግን የደረት ኪሱን ከፍቶ ካርዱን አወጣ። አውጥቶም ዝም ብሎ አልሰጣትም። ልጆች ብይ ሲለዋወጡ እንደሚያደርጉት፣ በአንድ እጅ እየሰጡ በሌላው እየተቀበሉ፣ እኩል ተለቃቀቁ።

ከመሪው ሥር ጎንበስ ብሎ፣ ብረቱ ላይ ከተቀረጸው ቁጥር ጭቃውን በአውራ ጣቱ ፍቆ ሲያመሳክር፣ ከመታጠፊያው ማዶ ጡሩምባ ጮኸ፤ ቀጥሎ ብረት ከብረት ሲጋጭ ተሰማ። ሰው ተጣራ። ፖሊሱ ቀና አለ፤ መንገዱን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ ሊብሬውን ሰደርያው ውስጥ ሸጉጦ ሮጠ። ታጠፈና የውሃ ሽታ ሆነ።

ጉድ ሆንኩ አለች። ወንድሟ እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ በር በሩን ሲያይ ታያት። ካርዱን ገለበጠችው። ማኅተም አለው፤ ማኅተም የሚቀርጽ ሰው ደግሞ በየሰፈሩ ሞልቷል። ፎቶው ላይ ያለው ሰው ፊቱ ሙሉ ነው፤ ይኼኛው ጉንጩ ገብቷል። ጆሮ አይለወጥም ብላ ጆሮውን ለማስታወስ ሞከረች። አላየችውም። ያን ሁሉ ስትጠረጥረው ቆይታ ጆሮውን እንኳ አለማየቷ አናደዳት። እንዲህ ያለ ካርድ ኪሱ ሙሉ ይኖረዋል፤ ለየሞኙ አንድ አንድ እያደለ ሊብሬ ይሰበስባል። የመለዋወጡን ሐሳብ ያመጣችው ሞኝ ደግሞ ራሷ ናት፤ እሱ ገና ሳይጠይቃት።

ልትከተለው ሞተሩን አስነሳች።

የሞተሩ ድምፅ ገና ከመሰማቱ ፖሊሱ ከመታጠፊያው ብቅ አለ። እየሮጠ ነው። ቆቡ የለም፤ ከኋላው፣ ከመታጠፊያው ጫፍ፣ ከመኪና የተዘረገፈ ቧንቧ መንገዱ ላይ ወጥቶ ይታያል፣ የሱም እጅ እስከ ክርኑ ዝገት ሆኗል። ቁሚ ቁሚ እያለ እጁን ያወናጭፋል። ደርሶ እያለከለከ መሪውን ያዘ።

«ካርዴን» አለ። «ካርዴን ይዘሽ ልትሄጂ?»

ፊቱን አየችው። ከንፈሩ ደርቋል፤ ዓይኑ ከእጇ አይነቀልም። መታወቂያውን ለማያውቃት ባዕድ አሳልፎ መስጠቱን ለአለቃው ምን ብሎ እንደሚያስረዳ እያሰበ መሮጡ ያስታውቃል። ካርዱን ጫፉን ይዛ ዘረጋችለት።

ተለዋወጡ፤ አሁንም እኩል። ሊብሬው ሞቋል፣ በላብ ወዝቷል። ቁጥሩ ልክ ነው፣ ሂጂ አላት። አልሄደችም። ገጽ በገጽ እየገለጠች የወንድሟን ስም፣ ማኅተሙን፣ ቁጥሩን ታያለች። እሱም አልሄደም፤ ካርዱን ወደ ፀሐይ አንስቶ ፊቱንም ጀርባውንም ይመረምራል። ከመታጠፊያው ወዲያ መኪኖች ተደርድረው ጡሩምባቸውን ያስጮሃሉ፤ መንገድ የሚከፍትላቸውን ይጣራሉ። ሁለቱ ግን ከቆሙበት አልተነቃነቁም፤ ቀድሞ ጀርባውን የሚሰጥ ጠፋ።