የአዲሱ ሱቅ ሲሊንደር

ማዳም የዱሮውን ጋዝ ሻጭ የተወችው፣ አል ሙሐመዲያ ሰፈር የተከፈተው አዲስ ሱቅ በየሲሊንደሩ አሥር ሪያል ስለሚቀንስ ነበር። የቤት ሠራተኛዋ የሻረግ፣ ልብስ አስጥታ ከሰገነቱ ስትወርድ ወጥ ቤቱ በጋዝ ሽታ ታፍኖ ጠበቃት። ማዳም ግን ጉንፋን አፍንጫዋን ደፍኖት ምንም አልሸተታትም፤ ምድጃው ላይ ጎንበስ ብላ ክብሪት ልትጭር ነበር። የሻረግ ተወርውራ እጇን ጨምድዳ ያዘቻት።

«አብደሻል? ኸላስ፣ በቃ፣ ነገ ወደ አገርሽ ትሄጃለሽ።»

«እሺ ማዳም፣ እሄዳለሁ። ጋዙ እየፈሰሰ ነው፤ አትጫሪው።»

ክብሪቱን ነጥቃ ሲሊንደሩን ዘጋችው። ማዳም ያን ጊዜ መንትያ ሕፃናቷ ወደተኙበት ወደ ቀጣዩ ክፍል ዞረች። የሻረግ ቀድማት ገብታ ሁለቱንም አቅፋ ወደ በረንዳው ሮጠች። ሕፃናቱ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና አንዱ አለቀሰ፤ ሌላውም ተከተለው። ማዳም ለቅሶውን ስትሰማ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።