እግር የሌለው «እኔን!»

የመወልወያው እንጨት እግሯን ጠለፋትና አመለወርቅ በጉልበቷ ወደቀች።

«እኔን! እኔን ይድፋኝ!» አለ ግድግዳው፣ በጎረቤቷ በእትዬ በለጡ ድምፅ።

ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ግድግዳ በጎረቤት ድምፅ መናገር ከጀመረ ወዲህ የሰው በር የሚያንኳኳ የለም። ስታስነጥስ «ይማርሽ» ይላታል፤ ስታዝን «አይዞሽ»፤ ለበዓል «እንኳን አደረሰሽ»። የጉርብትናው ወግ ሁሉ ተሟልቷል።

«አንተን ብሎ እኔን!» ጮኸችበት፣ ጉልበቷን እያሻሸች። «ምን እግር አለህና ነው በኔ ፋንታ የምትደፋው?»

«ክፉ አይንካሽ፣ የኔ እናት።»

«ዝም በል! የሰው ድምፅ ይዘህ አትለፍልፍብኝ!»

እርጥቡን ጨርቅ ልትወረውርበት ስታነሳ፣ ከግድግዳው ማዶ አንድ ከባድ ነገር ዱብ ሲል ሰማች። እትዬ በለጡ ወድቀዋል። «እኔን!» ልትል አፏን ከፈተች፤ የእሳቸው ቤት ግድግዳ ግን በገዛ ድምፅዋ ቀደማት።

«እኔን! እኔን ይድፋኝ፣ እትዬ!»

ከዚያ የእትዬ በለጡ የራሳቸው ድምፅ ተሰማ። ግድግዳው ከሚያወራበት ድምፅ ይልቅ የሻከረና ያረጀ ነበር። እንዲህ ማርጀታቸውን አላወቀችም።

«ምን እግር አለህና ነው የምትደፋው? አሁንስ አንገሸገሽከኝ!» አሉ።

አመለወርቅ ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣ። ልትነሳ ብትሞክር ጉልበቷ እምቢ አላት።

«እግርማ አለኝ፣ እትዬ! እኔ ነኝ፣ አመለወርቅ ነኝ!» እያለች ግድግዳውን በጡጫዋ ደበደበችው።



«ኤድያ!» አሉ እትዬ በለጡ። «ደግሞ ብሎ ብሎ መደብደብ ጀመረ።»