ከሐይቁ በላይ የመጣ ጥሪ

በ1975 ዓ.ም. ክረምት መካኒኩ አስማማው ባሕር ዳር አየር ምድብ ውስጥ የአንዲት ሄሊኮፕተር ሞተር አውርዶ ይጠግን ነበር። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሻለቃ ዳኘው አስጠሩትና ወደ መቆጣጠሪያው ማማ ይዘውት ወጡ።

«ሦስት ቀን ሙሉ በዚያች ሄሊኮፕተር ስም በሬዲዮ የሚጠራን ሰው አለ» አሉት። «የሬዲዮ ሠራተኛችን ሰገነት ድምፁ ያንተ ነው ትላለች። ከማን ጋር ነው የምትነጋገረው?»

«ጓድ ሻለቃ፣ የሄሊኮፕተሯን ሬዲዮ የፈታሁት እኔው ነኝ። ዕለቱን ለግምጃ ቤት አስረከብሁ።»

ሻለቃው አላመኑትም። ሬዲዮው ፊት የተቀመጠችው ሰገነትም ቀና ብላ አላየችውም። ባለፈው ወር እንዲህ ተጠርቶ የሄደ ባልደረባው እስካሁን አልተመለሰም።

«እንግዲያው አፍህን ዝጋና እዚሁ ቁም» አሉት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሬዲዮው ተንጫረረ። የወጣው ድምፅ የአስማማው ነበር።

«ከሐይቁ በላይ ነን። ሞተሩ ቆሟል» አለ ድምፁ።

ሰገነት ዞራ የአስማማውን ከንፈር አየች። አልተንቀሳቀሰም።

«ሻለቃ ዳኘው አጠገቤ ናቸው» ሲል ድምፁ ቀጠለ። «ደጋግሜ ጠራኋቸው፤ አይመልሱልኝም። እባካችሁ እናንተ ጥሩልኝ።»

ሰገነት ማይክሮፎኑን ቀስ ብላ ወደ ሻለቃው ገፋችው።