መንካት ክልክል ነው

የክሊኒኩ የኮምፒውተር ባለሙያ ሶረቲ፣ የታካሚዎች ዳታቤዝ ያለበት ሰርቨር ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በጥፍሯ ጫር ጫር አደረገችው። «እየሠራ ስለሆነ መንካት ክልክል ነው» ይላል፤ የዳይሬክተሩ ቢሮ ክብ ማህተም አርፎበታል። የዳታቤዙን ሶፍትዌር በነፃ የሚያድሉት ሰዎች ከዛሬ ጀምሮ ለዚህ አሮጌ ቨርዥን ድጋፍ አቁመዋል፤ ከእንግዲህ ሰርጎ ገብ የሚሾልክበት ቀዳዳ ቢገኝበት የሚደፍነው የለም። ውስጡ ያለው ደግሞ የሰንጋ ተራ ሰው ከትዳር ጓደኛው ሳይቀር የደበቀው የደም ምርመራ ውጤት ነው።

«አቶ ጂራታ፣ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ለሰው አይሰጡም። ይሄም ጊዜው አልፎበታል፤ ወደ አዲሱ ልቀይረው» አለች፣ በሩ ላይ ለቆሙት ዳይሬክተር።

«የሚሠራ ነገር ሲነካካ ነው የሚበላሸው፣ ልጄ። ደግሞ በጽሑፍ አቅርቢ ብዬሻለሁ።»

«አምና አቅርቤያለሁ እኮ!»

«እኔ ጋ አልደረሰም።»

ንዴቷ ጣቷ ላይ ወረደና ወረቀቱን ከነፕላስተሩ ላጥ አደረገችው። ወረቀቱ እጇ ላይ ተገለበጠ። ጀርባው ባዶ አልነበረም፤ «ጉዳዩ፦ የዳታቤዙ ቨርዥን እንዲቀየር ስለመጠየቅ» ይላል፤ ከግርጌው የራሷ ፊርማ አለ።

«ቀስ በይ» አሉ አቶ ጂራታ ከበሩ ላይ፣ «ማህተሙ እንዳይቀደድ።»